የኦቨን ምርጫ

ግቢ ምባክ ሬትኖ፣ ግቢ። ጫማሽን እዚያው በረንዳው ላይ ተይው፣ ማንም አይነካብሽም። ዝናቡ አገኘሽ? የማላንግ ዝናብ እንዲህ ነው፤ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን እንደ አማት ሳይጠሩት ከች ይላል። ቁጭ በይ፣ ምንጣፉ ደረቅ ነው። ሙዙ አሁን ከዘይት የወጣ ስለሆነ አፍሽን እንዳያቃጥልሽ። ሻዩስ ጣፈጠ? ድሮ ስኳር አላበዛም ነበር፤ አሁን አሁን አፌን እየመረረኝ… አበዛለሁ።

ሦስት ሳምንት ሆናችሁ አይደል ከመጣችሁ? እንዴት ነው፣ ሰፈሩን ወደዳችሁት? ጥሩ ሰፈር ነው። አርባ ሦስት ቤት፣ ከናንተ ጋር አርባ አራት፤ አንድ አዳራሽ፣ አንድ ትንሽ መስጊድ። ሰው ሁሉ ይዋደዳል። የሚዋደድ ሰው ደግሞ ስለ ጎረቤቱ ክፉ አያወራም። እኔም አላወራም። በሕይወቴ የሰው ስም በክፉ አንስቼ አላውቅም፤ ዛሬም ስም አልጠራም፣ ብቻ ስሚኝ።

ምነው ወደ ግንቡ ታያለሽ? እሱ ምንም አይደለም። ጎረቤት ናቸው፣ በዚህ ሰዓት ርግቦቻቸውን ይመግባሉ። የሚሰማሽ ሬዲዮናቸው ነው። ድምፄ ከፍ ቢል እንዳትታዘቢኝ፣ ጆሮዬ ደከም ብሏል፤ ጆሮው የደከመ ሰው ሌላውም የማይሰማ እየመሰለው ይጮኻል። ግንቡም አጭር ነው። ሲሠራ ከፍ ይላል ተብሎ ነበር… ሲሚንቶው መንገድ ላይ አንድ በረንዳ ወድዶ ቀረ። ይሁን።

እና ባልሽ ማስ ባግዮ ኦቨን ሊገዛ ነው አልሽኝ? ለኬክ ሳይሆን ለብረት? አውቀዋለሁ እኮ ነገሩን። የዱቄት ቀለም ነው፤ ብረቱን አጽድተሽ ቀለሙን እንደ ዱቄት ትነፊበትና ኦቨን ውስጥ ሰቅለሽ ታበስይዋለሽ። ቀልጦ ይለብሰዋል፣ እንደ ሸክላ ሰሃን ያበራል። የሞተር ሳይክል ቸርኬ ሲሠራበት ያምራል። ባልሽ ባለሙያ መሆኑን ከበር ላይ አይቼዋለሁ፤ ቸርኬውን እንደ ሕፃን ነው ያቀፈው። ግን ኦቨን መምረጥ ላይ ግራ ገባው፣ አይደል? ቢገባው አይፈረድበትም። ከባድ ምርጫ ነው። እኛ ሰፈር ምርጫ ሁሉ ከባድ ነው።

እኔ ግን ምን አውቃለሁ? ኬክ ጋጋሪ ነበርኩ። ምክሩን ከእኔ አትውሰጂ። አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ… የሆነ ሰፈር አለቃ ናቸው፣ የየትኛው ሰፈር እንደሆነ አሁን ከአፌ ጠፋ። በዚህ ነገር እንደሳቸው የተመራመረ ሰው በምሥራቅ ጃቫ የለም። እሳቸው ያደረጉትን ሁሉ ለማስ ባግዮ ንገሪውና አንዱንም እንዳያደርግ። በቃ፣ ከዚያ የሚተርፈው ትክክለኛው ነው።

ቀለም የገባቸው ሰው ናቸው መቼም። እጃቸው ውስጥ ገብቷል፣ ሸሚዛቸው ውስጥ ገብቷል፣ ጢማቸው ውስጥ ገብቷል…

ጡረታ የወጡ ሰሞን ነው የጀመሩት። ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ ካላገኘ ሰፈሩ ሥራ ያገኛል። አንድ አሮጌ ሞተር ነበረቻቸው፤ እሷን ፈታትተው አረንጓዴ ሊያደርጓት አሰቡ። መንፊያውን ገዙ፣ ዱቄቱን ገዙ፣ አረንጓዴ ብቻ ሁለት ካርቶን። ኦቨን ግን አልገዙም። «ኦቨን መምረጥ ጥንቃቄ ይፈልጋል» አሉ። እውነታቸውን ነው። በጣም ጠንቃቃ ሰው ናቸው፤ ዕቃው የራሳቸው ሲሆን።

መጀመሪያ የባለቤታቸውን ትንሿን ኦቨን አነሱ፣ ዳቦ የሚሞቅባትን። አየሽ፣ ሌላው ሰው ቸርኬ ሊጋግር ሲያስብ አስቀድሞ ቸርኬውን ይለካል፣ የኦቨኑን ውስጥ ይለካል፣ አየር እንዲዞርበት በዙሪያው ስንዝር ይተዋል። ይሄ ተራ ሰው የሚያደርገው ነው። እሳቸው አስቀድመው ነፉት። ነፍተው ሲያበቁ አረንጓዴውን ቸርኬ በሽቦ አንጠልጥለው ወደ ኦቨኗ መጡ… የገባላት ብሎን ብቻ ነው። ሁለት ብሎን። ሦስተኛው ጎኑን ደገፍ ብሎ ነው የገባው። ቸርኬውን እንዳያስቀምጡት ዱቄቱ ይረግፋል፣ እንዳያስገቡት በሩ አይዘጋም። ግማሽ ቀን እንዳንጠለጠሉ ቆሙ። ባለቤታቸው ሩዝ በማንኪያ ሲያጎርሷቸው አይቻለሁ። ምን አልኩ መሰለሽ? እንዲህ ያለ ትዕግሥተኛ አለቃ የት ይገኛል አልኩ። አንዴ የያዙትን የማያስቀምጡ ሰው ናቸው።

ባለቤታቸው ያቺን ኦቨን ለምግብ መልሰው አልነኳትም። ብልህ ሴት ናቸው። ይሄንን ያዢው ምባክ ሬትኖ፤ ይህ ቀለም የተጋገረበት ኦቨን ሁለተኛ ምግብ አይገባበትም፣ ጭሱ ግድግዳው ላይ ይቀራል፣ ለሆድ አይሆንም። እሳቸውም ያውቁ ነበር። ስላወቁ ነው ከዚያ በኋላ የሰው ኦቨን ያማራቸው።

እኔ ያኔ ትልቅ ኦቨን ነበረኝ። ባለቤቴ፣ አላህ ይማረውና፣ ከገበያ በፔዳል ጋሪ ጭኖ፣ ራሱ ከኋላ እየገፋ ነው ያመጣልኝ። አሥራ አራት ዓመት ጋገርኩበት። በዚህ ሰፈር ልጅ ሲወለድም፣ ሲገረዝም፣ ሲዳርም የሚቆረሰው የኔ ኬክ ነበር። «ቡ ፓርቲኒ ካልጋገሩ ሰርግ አይባልም» ይሉኝ ነበር፤ አሁን ሲያስታውሱት ያፍራሉ መሰለኝ፣ አይሉትም።

ብሊታር ከተማ ያለችው እህቴ ታመመችና ሦስት ቀን ልጠይቃት ሄድኩ። ዶሮዎቼን ማን ይመግብልኝ? ቁልፌን ለማን ልስጥ? ሰው የቤቱን ቁልፍ ለሚያምነው ነው የሚሰጠው፤ እኔም ለአንድ የሰፈር አለቃ ሰጠሁ። «አይዞሽ ፓርቲኒ፣ ቤትሽን እንደ ቤቴ ነው የማየው» አሉኝ። ቃላቸውን ጠበቁ። እንደ ቤታቸው አዩት።

ስመለስ ዶሮዎቹ ጠግበዋል፣ ወለሉ ተጠርጓል፣ ኦቨኑ ከውጭ ተወልውሎ ያበራል። አስቢው እስቲ፣ ጡረታ የወጡ ወንድ የመበለት ኦቨን ሲወለውሉ። ልቤ ተነካ። ሌላ ሴት ብትሆን ትጠረጥር ነበር፤ እኔ ግን ሰው አምናለሁ፣ በሽታዬ ነው። አንድ ሰሃን የተጠበሰ የአኩሪ አተር ቴምፔ ይዤ ሄጄ አመሰገንኳቸው። በሉት። ደግሞ ሲበሉት አላፈሩም፣ ምግብ ሲቀርብላቸው የሚኩራሩ ሰው አይደሉም።

ቅዳሜ የሃጂ ማስሩር ልጅ ሰርግ ነበረ። አርብ ባለ አምስት ደርብ ኬክ ጋገርኩ። ከኦቨኑ ሲወጣ አናቱ አረንጓዴ ነው። እኛ ጋ ኬክ በፓንዳን ቅጠል አረንጓዴ መሆኑ ብርቅ አይደለም፤ ቅጠሉን አብዝቼው መሰለኝ። ጉንፋን ይዞኝ ስለነበር ሽታው አልሸተተኝም። ከኦቨኑ ጣሪያ የቀለጠ ቀለም እየተንጠባጠበ ለብሶታል ብዬ እንዴት ላስብ?

ሰርጉ ላይ ሙሽሮቹ ቢላዋ ያዙ። ቢላዋው ኬኩ ላይ አረፈ። አልገባም። ሙሽራው ገፋ፣ ሙሽሪት አገዘችው፤ ቢላዋው ተንሸራቶ ጠረጴዛው ላይ ተሰካ። ሰዉ ቀልድ መስሎት ሳቀ። ሮጬ ሄጄ በጥፍሬ ቧጠጥኩት፣ ጥፍሬ ተሰበረ። የሙሽራው አክስት «ሲያምር፣ ስንት ቅጠል ፈጀብሽ?» አሉኝ ከልባቸው። አፍንጫዬን አስጠጋሁ… የተቃጠለ ላስቲክ። ሰው ሳይቀምሰው ብዬ አምስቱንም ደርብ አቅፌ በሙሽሮቹ መካከል ይዤው ወጣሁ። ኬክ ሳይቆረስ የተበተነ ሰርግ በዚህ ሰፈር የመጀመሪያው ነው። አንድ ሰው ብቻ ነበሩ እንዳላነሳው የለመኑኝ። «ተይው፣ እንዲህ ያለ ልስላሴ እኮ እስከዛሬ ማውጣት አልቻልኩም» አሉ፣ ኬኩን በጣታቸው እየዳበሱ። የኬኩ አረንጓዴና የጢማቸው አረንጓዴ አንድ መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው።

ሁለት ቀን የኦቨኑን ጣሪያ በማንኪያ ፋቅሁ። አልለቀቀም። ጥሩ ቀለም ነው፣ ይሄንንም ለማስ ባግዮ ንገሪው። ከዚያ ወዲህ ኬክ ያዘዘኝ የለም። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ጥርሱን ወዶ ነው። አሁን በእንፋሎት የምትበስለውን ትንሿን ኬክ ለሱቆች እሠራለሁ፤ ኦቨኑ ሸራ ለብሶ ጓሮ ቆሟል። አንዳንዴ ሸራውን ገለጥ አድርጌ አየዋለሁ። ምኑን እንደማይ አላውቅም።

እሳቸው እኮ ይቅርታ ጠይቀውኛል፣ እንዳትፈርጂባቸው። «ቸርኬው አልገባበትም፣ የሞተሩን ክዳን ብቻ ነው የጋገርኩበት» አሉኝ። ከዚህ በላይ ይቅርታ አለ? ኦቨኔ ስለጠበባቸው ማፈር ያለብኝ እኔ ነኝ።

ማን ነው ያሳለው? … ድመት ይሆናል። ብዪ ሙዙን።

ከዚያማ «የሰው ዕቃ ለምኔ» ብለው የራሳቸውን ሊሠሩ ተነሱ። ምን ቢመርጡ ጥሩ ነው? ፍሪጅ። አትሳቂ ምባክ ሬትኖ፣ ምክንያት አላቸው። «ቅዝቃዜን መያዝ የቻለ ሙቀትን መያዝ ያቅተዋል?» አሉን። እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው መሐላችን ኖሮ አያውቅም። እንቁላሉን አወጡ፣ አሳውን አወጡ፣ የሚግለውን ሽቦ አስገቡ። የፍሪጅ ውስጡ ላስቲክ ነው። ለዚህ የሚሆን ኦቨን ደግሞ ውስጡ ብረት መሆን አለበት፣ በግድግዳው መካከል ሙቀት የሚይዝ የማይነድ ጥጥ ይፈልጋል፣ ጭሱም መውጫ ይፈልጋል። ይሄን ያወቅነው እኛ ተራዎቹ ነን።

እሑድ ጠዋት ሁለት መቶ ዲግሪ ላይ ለቀቁት። ሽቦው የስድስት ቤት መብራት ይበላ ነበር፤ ከየትኛው ቤት እንደተሳበ አልጠየቅንም፣ ከሁሉም ነው፣ በዚህ አያዳሉም። የኛ ቆጣሪ እንደሆነ ሩዝ መቀቀያና ካውያ አንድ ላይ አይችልም። ፍሪጁ መጀመሪያ አበጠ። ከዚያ ወገቡ ላላ። ከዚያ ቁጭ አለ። እውነቴን ነው፣ ከእርሻ እንደተመለሰ ሰው ቀስ ብሎ ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ጭሱ ጥቁር ነበር፣ ዓይን የሚልጥ። ቤት ለቤት እየሮጥኩ በር ደበደብኩ፤ አሮጊቷን ምባህ ካሪያህን በጀርባዬ አዝዬ መስጊዱ ጋ አደረስኩ። አርባ ሦስት ቤት ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ያስላል። እሳቸው? አልሸሹም። ፍሪጃቸው አጠገብ ቆመው ዲግሪውን ያነቡ ነበር። «መቶ ሰማንያ ደርሷል» ብለው ጮኹልን፣ ደስ እንዲለን። ያዳነን የመብራቱ መጥፋት ነው።

ያን ዕለት ሴቶቹ መስጊዱ ደጃፍ ላይ ከበቡኝ። «ቡ ፓርቲኒ፣ አለቃ ይሁኑልን» አሉ። እኔ ሹመት ፈልጌ አላውቅም። ግን ምባህ ካሪያህ እጄን ይዘው «ልጄ፣ ሁለተኛ መታዘል አልችልም» አሉኝ። እሺ አልኩ። ተወዳዳሪዎቹ ሁለት ነበርን፤ እኔ፣ እና ልምድ ያላቸው አንድ ሰው።

ሐሙስ ከሰዓት አዳራሹ ውስጥ ተመረጠ። ከየቤቱ አዋቂ የሆነ ሁሉ፣ በድምሩ ሰማንያ ስድስት ድምፅ። እያንዳንዱ የሚፈልገውን ስም ወረቀት ላይ ጽፎ አጥፎ ይከታል። ልንቆጥር ስንል፣ ሰማዩ ደግሞ በዝናብ ጠቁሯል፣ መብራት ጠፋ። አጋጣሚ ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አዲስ ሽቦ ሲሞከር የመጣ አጋጣሚ። «በጭላንጭል የተቆጠረ ድምፅ ያጣላል፣ ነገ ከጁምዓ በኋላ ይሻላል» አሉ እኚህ ሰው። ልክ ናቸው። ወረቀቶቹ የአዳራሹ ፋይል ካቢኔት የታችኛው መሳቢያ ውስጥ ተቆለፈባቸው። ቁልፉ አለቃው ዘንድ ነው የሚቀመጠው፣ ደንብ ነው። ቁልፍ የሚሰጣቸው ሰው አያጡም።

አርብ ጠዋት ሲያስቡ ሲያስቡ የሚሆነውን ኦቨን አገኙት። አልዋሽም፣ እስከዚያ ቀን ከመረጡት ሁሉ የሚሻለው ይሄኛው ነው። ብረት ነው፣ ረጅም ነው፣ ቸርኬም ሰሌዳም ይሰቀልበታል። ምን ነበረ ካልሽ… የፋይል ካቢኔት። ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ በዚያ ቀን፣ ከሰፈሩ ብረቶች ሁሉ ያ ብረት ታያቸው። በጋሪ አስጭነው ግቢያቸው ወሰዱት። ከአራቱ መሳቢያ ሦስቱን አወጡና የታችኛውን «ለሚዛን» ብለው ተዉት። ሰው ይረሳል። እኔ ባለፈው መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ ቤቱን ሳተራምስ ነበር። እሳቸው ደግሞ ሰማንያ ስድስት ሰው ረሱ።

ነፉ፣ ሰቀሉ፣ ለቀቁት። ምን ነበር የጋገሩት መሰለሽ? በራቸው ላይ የሚሰቀለውን «የሰፈር አለቃ» የሚለውን ሰሌዳ። ያ ብቻ ነው አምሮ የወጣላቸው። ከላይ የረገፈው ዱቄት ደግሞ መሳቢያው ውስጥ ገብቶ በወረቀቶቹ መሐል ለመሐል ቀለጠ። ከጁምዓ በኋላ አዳራሽ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ በትሪ ይዘውት መጡ። አረንጓዴ፣ ጡብ የሚያህል፣ የሚያበራ። መታጠፊያው አይታይ፣ ጠርዙ አይለይ። «በጣም አዝናለሁ» አሉ። ትሪውን ወደ ብርሃን አዘንብለው፣ «ግን አያያዙን እዩልኝ።» እጅ በእጅ አሳለፍነው። እውነትም ይዟል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሉ የለ? … ስለ ወረቀቱ ነው የማወራው።

እኔ ቤቴ ወሰድኩት። በውሃ ዘፈዘፍኩት፣ በቢላዋ ፈለፈልኩት፣ በመዶሻ መታሁት፤ የመዶሻው እጀታ ተነቀለ። እጄ ደም እስኪሆን ታገልኩ፣ አልደብቅሽም። ሹመቱን ብዬ አይደለም። ያ ወረቀት ውስጥ፣ ከዚያ ሰርግ በኋላም ቢሆን የሚያምነኝ ሰው ስንት እንደሆነ ተጽፏል፤ እሱን ማወቅ ፈልጌ ነው። በመጨረሻ ከአንዱ ማዕዘን ፍንካች ወጣና የአንድ ወረቀት ጫፍ ታየ። «ፓር…» ይላል። ሴቶቹን ጠራሁ፣ አጨበጨቡ። «ፓርቲኒ ነው» አሉ። እኚህ ሰው መነጽራቸውን አደረጉ፣ ወደ ብርሃን ይዘው አዩት፣ አገላብጠው አዩት። «ፓርኪንግ ሊሆን ይችላል» አሉ። «አንድ ሰው ስለ ሞተር ማቆሚያው ሐሳብ ሰጥቶ ይሆናል። ችግሩ እኮ አለ።» ምን ትያለሽ? በሳል ሰው ናቸው። ከሁላችንም ይልቅ እሳት አጠገብ የከረሙት እሳቸው አይደሉ?

እንደገና እንምረጥ አልን። «አይቻልም» አሉ። «ድምፃችሁ መች ጠፋ? ይኸው አለ። ድምፁ ያለ ሰው ሁለተኛ ድምፅ ከሰጠ ማጭበርበር ነው። መምረጥ የሚችል ያልመረጠ ብቻ ነው።» ይሄን ራሳቸው በቃለ ጉባኤ ጻፉት፣ ፈረሙበት፣ ማኅተም አሳረፉበት። ድምፁ እስኪከፈት ድረስ በጊዜያዊነት እሳቸው ይቀጥሉ ተባለ። ጊዜያዊው ሁለት ዓመት አለፈው። ያው ሲሾም ያልጋገረ ሲሻር ይቆጨዋል።

ድምፃችን ግን የት አለ አትይኝም? ባለፈው አዳራሽ ስትመጪ በሩ እንዳይዘጋ የተደገፈበትን አረንጓዴ ጡብ አላየሽም? እሱ ነው። ድሮ ነፋስ ሲነሳ በሩ ይማታ ነበር፣ አሁን አይነቃነቅም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነበር የምንለው፤ ድምፅ ሲያብር ደግሞ በር ይይዛል። አርባ ሦስት ቤት ሰው በአንድ ነገር ተስማምቶ አያውቅም፤ እሳቸው ናቸው አንድ ያደረጉን፣ እንዳንለያይ አድርገው።

ሬዲዮኑ ዝም አለ እኮ። ባትሪው ደክሞ ይሆናል።

እና ትናንት ሰው በራችሁ መጥቶ ነበር መሰለኝ? ሁለት ርግብ በጎጆ ይዞ? ባለፈው ሳምንት ማንጎ፣ ከዚያ በፊት የሩዝ ጆንያ? እሰይ። እኔ እዚህ ሠላሳ ዓመት ስኖር ከዚያ በር የመጣልኝ አረንጓዴ ነገር ብቻ ነው። ማስ ባግዮንም ኦቨን ላስመርጥህ አሉት? ደግነት ነው። ለምን እንዲህ ወደዷችሁ ብዬ ሳስብ ሳስብ… ያ ቃለ ጉባኤ ትዝ አለኝ። መምረጥ የሚችል ያልመረጠ ብቻ ነው ይላል። በዚህ ሰፈር ያልመረጠ ማን አለ? ሕፃናቱ አሉ። ርግቦቹ አሉ። አንቺና ባልሽ አላችሁ።

የወረዳው ደብዳቤ ትናንት ደረሰን። ሴቶቹ ቃለ ጉባኤውን ከነማኅተሙ ወስደው አሳይተው ነበር፤ «ሕጋዊ ነው፣ ባላችሁት መሠረት ይመረጥ» ተብሏል። የፊታችን አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሁለት ድምፅ። እዚያው ሰው ፊት ይከፈታል። ሳጥኑን የመስታወት አድርገነዋል፣ አይጋገርም። እኔን ምረጡ አላልኩም፤ አፌን ያዝ ያድርገኝ። ሙዝ ነው ያበላሁሽ።

ኦቨን ግን አትግዙ። ጓሮ ሸራ የለበሰው የእኔ አለ፣ ማስ ባግዮ መጥቶ ይውሰደው። ቸርኬ አይገባበትም ብለው ነበር አንድ አዋቂ። ዛሬ ጠዋት ሜትር ይዤ ለካሁት። መደርደሪያዎቹ ሳብ ሲደረጉ ይወጣሉ፤ ሲወጡ ቸርኬው ይገባል፣ በዙሪያውም ስንዝር ይተርፋል። ሳብ ሲደረጉ እንደሚወጡ የነገራቸው የለም። ይሄን ሁሉ መንገድ የሄዱት፣ ፍሪጁም፣ ጭሱም፣ ካቢኔቱም፣ ሁለት መደርደሪያ ሳብ ባለማድረግ ነው። ብጠየቅ እነግራቸው ነበር። ግን እኔ ብሊታር ነበርኩ።

የኤሌክትሪክ ነው፣ የጋዝ አይደለም፤ ይሄ ዱቄት ነበልባል ካገኘ ይፈነዳል። መስመር ለብቻው ይሳብለት፣ ቆጣሪያችሁን ከፍ አስደርጉ፣ ከማድቤት አርቃችሁ በረንዳ ላይ ትከሉት። ጉቦ ነው እንዳትይ ደግሞ። አሥራ አራት ዓመት የሰው ሰርግ ያደመቀ ዕቃ ጉቦ አይሆንም። ኬክ ቢቀርበትም የሚሠራበት ሰው ያግኝ።

ዝናቡ አባርቷል፣ ሂጂ ባልሽ ይጠብቅሻል። ቆይ ግን፣ እንዲሁ አንለያይ፤ እጅሽን ዘርጊ፣ አብረን ለእኚያ ሰው ዱዓ እናድርግላቸው። ቂም የለኝም፤ ሲፈልጉ የኖሩ ሰው ያሳዝኑኛል። አላህ ረጅም ዕድሜ ይስጣቸው። ጤና ይስጣቸው፣ በልጅ በልጅ ልጅ ይባርካቸው። ቀናቸው የደረሰ ጊዜ ደግሞ በወዲያኛው ቤት መለካት፣ መምረጥ፣ ሰው ደጅ መሄድ ሳይኖርባቸው፣ በቁመታቸው ልክ የተሠራ፣ መብራት የማይጠፋበት፣ ሙቀቱ ለዘላለም የማይወርድ ተሰናድቶ ይቆያቸው። አሜን በይ፣ ልጄ።